ትንሿ ማርሽ፦ በክረምት ከወገዳ ወደ መካነ ኢየሱስ

ከባሕር ዳር የተነሳነው ነሐሴ መግቢያ ላይ፣ ሚሊኒየሙ ሊገባ ሁለት ክረምት ሲቀረው ነው። እኔ የውኃ ባለሙያ ነኝ። መሥሪያ ቤታችን በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠሮች ግንብ ሠርቶ ያጎለበታቸው ምንጮች ክረምት ሲገባ ጎርፍ እየገባባቸው ይደፈርሳሉ የሚል አቤቱታ ደርሶት ነበር። በበጋ ሄዶ ማየት ደግሞ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ማንም መንገድ በማይወጣበት ወር ማስታወሻ ደብተሬን፣ የናሙና ጠርሙሶቼንና ቦት ጫማዬን ይዤ ወጣሁ።

አብሮኝ የሄደው ሹፌር ጋሽ ደሴ ነው። ሃምሳ አምስት ዓመት አልፎታል፤ በወጣትነቱ የወታደር ካሚዮን ሲነዳ የኖረ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። መኪናችን አሮጌ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ናት። እኔም መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ ግን የተማርኩት በባሕር ዳር አስፋልት ላይ ነው፤ ከከተማ ወጥቼ መሪ ጨብጬ አላውቅም።

ከንፋስ መውጫ እስከ ወገዳ

ንፋስ መውጫ እንደ ስሟ ናት። ጠዋት ሻይ ቤት ገብተን የያዝነው ብርጭቆ እጃችንን ሳያሞቅ ይቀዘቅዝ ነበር። ከዚያ ወደ ደቡብ ታጥፈን በታች ጋይንት በኩል ወረድን። የገብሱ ማሳ አረንጓዴ ነው፤ የስንዴው ደግሞ ገና አጭር። ደመናው ከእኛ በታች ገደሉ ውስጥ ተኝቷል። መንገዱ እስከ አንድ ቦታ ድረስ ጠጠር ስለሆነ ጋሽ ደሴ በአንድ እጁ ሲነዳ እኔ የጠርሙሶቹን ቁጥር እጽፋለሁ።

ጠጠሩ አልቆ ጥቁሩ ዋልካ መሬት ሲጀምር መኪናዋን አቆመ። ጭቃው ውስጥ ገና አልገባንም። ከዋናው ማርሽ ጎን ያለችውን ትንሿን ማርሽ ያዘና ያሳየኝ ጀመር። ይህች መኪና ሁልጊዜም በአራቱ ጎማዋ ነው የምትሄደው አለኝ። ከፊትና ከኋላ ጎማዎች መካከል ኃይሉን የሚያካፍል ዲፈረንሻል አላት። ኩርባ ላይ የፊቱ ጎማና የኋላው እኩል መንገድ ስለማይሄዱ ያን ልዩነት የሚያስማማው እሱ ነው። ጭቃ ላይ ግን ኃይሉን ለሚቀለው ይሰጣል፤ አንዱ ጎማ ተንሸራትቶ በከንቱ መዞር ከጀመረ ኃይሉ ሁሉ ወደ እሱ ይሄድና ሦስቱ ይቆማሉ። ትንሿን ማርሽ ወደ ግራ ስትገፊያት ቢጫ መብራት ይበራና መካከለኛው ዲፈረንሻል ይቆለፋል፤ የፊትና የኋላው እኩል ይዞራሉ፤ አንዱ ወገን ሲለግም ሌላው ይጎትታል።

«ከመግባትሽ በፊት ነው የሚቆለፈው፤ ከገባሽ በኋላ አይደለም» አለኝ። «ደረቅ መሬት ስትደርሺ ደግሞ ክፈቺው።»

እኔ ዓይኔ ደብተሬ ላይ ነበር። ገብቶኛል አልኩት። እውነቱን ለመናገር ግማሹን አልሰማሁትም፤ የሰማሁትንም በደንብ አልተረዳሁትም። እንደገና ንገረኝ ማለት ግን አፈርኩ። ዋልካውን አልፈን ደረቁ ላይ ስንወጣ ሆን ብሎ ሳይከፍተው ትንሽ ታጠፈ። መሪው ከበደው፤ ጎማው መሬቱን እየፋቀ አጉረመረመ። እንዲህ ከነዳሽው ይሰበራል ብሎ ከፈተውና ቢጫዋ መብራት ጠፋች።

ወገዳ ከሰዓት በኋላ ገባን። ገበያ ስለነበር መንገዱ በአህያና በሰው ተሞልቷል። እያንዳንዳችን የያዝነው አልጋ ስምንት ብር ነው፤ የእኔ ክፍል ጣሪያ ዝናቡን አንድ ጥግ ላይ ብቻ ያስገባል። ፍልሰታ ስለሆነ ሽሮና ጎመን በላን። ሁለት ቀን ሙሉ ምንጮቹን ሳይ ዋልኩ። ከአምስቱ ሦስቱ ደፍርሰዋል፤ የአንዱ ግንብ ከእነ መሠረቱ ተንዶ አገኘሁት።

ከወገዳ መውጣት

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወደ እስቴ ልንሄድ ስንዘጋጅ አንድ ሽማግሌ የሆቴሉ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ነጭ ጥምጥም አድርገዋል፤ በአንድ እጃቸው መቋሚያ፣ በሌላው ጥቁር ጃንጥላ ይዘዋል። የኔታ ጥበቡ ይባላሉ፤ የቅኔ መምህር ናቸው። መካነ ኢየሱስ ለወንድማቸው ተዝካር መድረስ አለባቸው፤ በእግር ደግሞ ሁለት ቀን ይፈጅባቸዋል። ግቡ አልናቸውና ከኋላ ተቀመጡ።

ጋሽ ደሴ በዚያ ጠዋት ሻይ እንኳን አልቀመሰም። ቀኝ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ ወደ ግድግዳው ዞሮ ሲቆም አየሁት። ምን ሆንክ ብዬ ብጠይቀው ብርድ ነው አለኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። መመለስ እንችላለን አልኩት፤ ምንም የለብኝም ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድን ዝናቡ መጣ። አንዲት ትንሽ ወንዝ ነበረች፤ ውኃው ከጎማው ግማሽ ሳይደርስ ተሻገርናት። ዳገቱን ወጥተን ዞር ብዬ ሳይ ግን ውኃው ቡናማ ሆኖ፣ ግንድ እየገፋ ሞልቷል። በዚያ በኩል መመለስ እንደማይቻል አየሁ፤ አፌን ከፍቼ አልተናገርኩም።

ከዚያ ብዙም ሳንርቅ መኪናዋ ቆመች። ጋሽ ደሴ ግንባሩን መሪው ላይ አስደገፈ፤ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። በሩን ከፍቶ አስመለሰው። የኔታ ወርደው ትከሻውን ያዙ። ቀኝ ጎኑ እንደ ቢላ እንደሚወጋው፣ ፍሪሲዮን ለመርገጥ እግሩን ሲያነሳ ዓይኑ እንደሚጨልምበት ያን ጊዜ ተናገረ። ሕመሙ የጀመረው ትናንት ነበር።

ዙሪያችንን አየሁ። ቤት የለም። ሞባይል በዚያ አገር ገና አልገባም። ወገዳ ከወንዙ ማዶ ቀርታለች፤ ከፊታችን መካነ ኢየሱስ ናት፤ ከመካነ ኢየሱስ በኋላ ደብረ ታቦር ሆስፒታል።

«አንቺ ትነጃለሽ» አለኝ ጋሽ ደሴ።

አልችልም አልኩት። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። እሱ የኔታን ተደግፎ ወደ ኋላው ወንበር ሄደና ጉልበቱን አጥፎ ተኛ። የኔታ ጋቢያቸውን አውልቀው ከራሱ ሥር አደረጉለትና ጥጉ ላይ ተቀመጡ። እኔ መሪው ጋ ተቀመጥኩ። ወንበሩን ወደፊት ሳብኩ።

ዋልካው

መጀመሪያ መንገዱ በተረተር ላይ ድንጋያማ ስለነበር በሁለተኛ ማርሽ ቀስ እያልኩ ሄድኩ። ጋሽ ደሴ መኪናዋ በተንገጫገጨች ቁጥር ያቃስታል። ያ ድምፅ አስጨነቀኝ፤ ፈጥኜ ልደርስለትም ፈለግሁ፤ እንዳላንገጫግጨውም ፈራሁ። በዚህ ሐሳብ ላይ ሳለሁ ዋልካው መሬት ከፊቴ መጣ። ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። ነዳጁን ረግጬ ገባሁበት።

መሐሉ ላይ ስንደርስ መኪናዋ ቀጥ አለች። ነዳጅ ስጨምር ሞተሩ ይጮሃል፣ እኛ ግን ከቦታችን አንነቃነቅም። የኔታ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው አንዱ ብቻ ነው የሚዞረው አሉኝ። ወርጄ አየሁ። እውነትም የፊት ግራው ጎማ ጉድጓድ ቆፍሮ እስከ መሐሉ ገብቷል፤ ሦስቱ ሳይዞሩ ቆመዋል። ጋሽ ደሴ የነገረኝ ያን ጊዜ በዓይኔ ገባኝ። ያ ሁሉ የሞተር ጉልበት ለአንድ የማይረባ ጎማ ነው የሚሄደው።

ተመልሼ ትንሿን ማርሽ ወደ ግራ ገፋኋት። ሄደች። ቢጫዋ መብራት ግን አልበራችም። እንደገና ሞከርኩ፤ አልበራችም። ሰበርኩት ብዬ አሰብኩ።

«መብራቱ እምቢ አለኝ ጋሽ ደሴ። አልበራም።»

ዓይኑን ሳይገልጥ መለሰልኝ። «አልተሰበረም። ጥርሱ ከጥርሱ አልገጠመም። ጎማው እየተሽከረከረ እንዳታስገቢ፤ ቆመሽ አስገቢና ትንሽ ወደኋላ፣ ትንሽ ወደፊት በይ። ራሱ ይገባል።»

የኔታ ጫማቸውን አውልቀው ወረዱ፤ ከመንገዱ ዳር የግራር ቅርንጫፍ ሰብረው ከጎማው ሥር አስገቡ። እኔ ወደኋላ ማርሽ አድርጌ ፍሪሲዮኑን በትንሹ ለቀቅሁ፤ ከዚያ ወደፊት። ከሥሬ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ መብራቷ በራች። መኪናዋ መጀመሪያ አቃሰተች፤ ከዚያ የኋላው ጎማ ገፋ፣ የፊቱ ሳበ፤ እየተንፏቀቀች ወጣች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ያሰብኩት ገና ስላላየሁት መንገድ ነው።

ቁልቁለቱና ወንዙ

ከዋልካው በኋላ መንገዱ ገደል ይዞ ይወርዳል። በቀኝ በኩል ግንብ የለም፣ ዛፍ የለም፤ ጉም ብቻ ነው። ከታች የሌላ ወንዝ ድምፅ ይሰማል። ቁልቁለቱ አፍ ላይ ቆምኩ። ከመግባቴ በፊት። ጋሽ ደሴ እንደምንም ቀና ብሎ አየና ዋናውን ማርሽ አንደኛ፣ ትንሿን ቀስ ብሎ በሚጎትተው በከባዱ ላይ አድርጊ፣ የዲፈረንሻሉ ቁልፍም እንደገባ ይቆይ አለኝ። ፍሬን ከረገጥሽ ጭቃ ላይ ትንሸራተቻለሽ፤ ሞተሩ ራሱ ይያዛት፤ ከፊትም ከኋላም እኩል ይይዛታል አለኝ።

ቁልቁለት ላይ ፍሬን አለመርገጥ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያልሞከረው አያውቀውም። እግሬ በራሱ ወደ ፍሬኑ ይሄድብኝ ነበር። የኔታ ከኋላ በለሆሳስ ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ። መኪናዋ እያጉረመረመች፣ ከሰው እርምጃ ባልበለጠ ፍጥነት ወረደች።

ወንዙ ዳር ሁለት ገበሬዎች ውኃው እስኪጎድል በሬዎቻቸውን ይዘው ቆመው ነበር። አንደኛው፣ ጎልማሳው፣ ጠዋት ከዚህ ይበልጥ እንደነበር፣ አሁን እየጎደለ እንደሆነ ነገረን። የኔታ ልብሳቸውን ሰብስበው በመቋሚያቸው የወንዙን ሆድ እየነኩ ገቡ። ውኃው ከጉልበታቸው በላይ ደረሰ። እጃቸውን ዘርግተው በዚህ በኩል ድንጋይ አለው አሉኝ። ባሳዩኝ ሄድኩ። መሐል ላይ ውኃው በሩን ሲመታው መኪናዋ ወደ ጎን አንድ ስንዝር ያህል ተገፋች። ትንፋሼን ይዤ ወጣሁ።

ዳገቱ

ማዶው ላይ ያለው ዳገት ድንጋያማ ነው። ስታጠፍ ጋሽ ደሴ እንዳሳየኝ ቀን መሪው ከበደ፤ ጎማው አጉረመረመ። ደረቅ ላይ ክፈቺው ያለኝ ትዝ አለኝና ቁልፉን ከፈትኩ። ጥሩ አድርጌያለሁ ብዬ ነበር። የኔታ ከፊት በእግራቸው እየሄዱ መንገዱን ያያሉ።

ሁለተኛው ኩርባ ላይ የመንገዱ ጠርዝ ከቀኝ የኋላ ጎማዬ ሥር ተደረመሰ። መኪናዋ ወደ ቀኝ ተንጋደደች። ፍሬኑን ረገጥኩ፤ ሞተሩ ጠፋ። ድንጋይ እየተንከባለለ ሲወርድ ሰማሁ፤ መጨረሻው ግን አልተሰማኝም። የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሳብኩና እግሬን ከፍሬኑ ላነሳ ስል መኪናዋ ወደኋላ ሄደች። መልሼ ረገጥኩ። እንደገና ሞከርኩ፤ እንደገና ሄደች።

«የእጅ ፍሬኑ አይዝም» አልኩ። እየጮህኩ ነበር።

ጋሽ ደሴ እንደማይዝ ያውቃል። የዚህች መኪና የእጅ ፍሬን ጎማውን ሳይሆን ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማዎች የሚወስደውን ብረት ነው የሚይዘው፤ አንዱ የኋላ ጎማ አየር ላይ ሲንጠለጠል እሱ በባዶው እየዞረ ሌላውን ይለቀዋል፤ ቁልፉ ካልገባ ደግሞ የፊቱም አይያዝም። ይህን ሁሉ ያስረዳኝ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ያለኝ አትንቀሳቀሺ ብቻ ነበር። ልናወጣው ብናስብም እሱ ራሱ ከለከለን፤ የተኛው በግራ በኩል ስለነበር ክብደቱ ከተነሳ መኪናዋ ትገለበጣለች ብሎ ፈራ።

የኔታ መቋሚያቸውን ጥለው ድንጋይ መሸከም ጀመሩ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። አንዱን ከግራ የኋላ ጎማ ሥር፣ ሌላውን ከፊተኞቹ ሥር በእግራቸው እየገፉ ወተፉ። እግሬ ፍሬኑ ላይ ደነዘዘ፤ ምን ያህል እንደምቆይ አላውቅም ነበር። መጨረሻ ላይ በመስኮቱ በኩል መጡ። እጃቸው ደምቷል።

«ይይዛል የኔታ?» አልኳቸው።

«እኔም ፈርቻለሁ ልጄ» አሉኝ። «ድንጋዩ ግን ገብቷል።»

ሞተሩን አስነሳሁ። አንደኛ ማርሽ። ትንሿን ማርሽ ወደ ግራ ገፋሁ። መብራቷ አልበራችም። ጥርሱ እንዲገጥም ትንሽ መንቀሳቀስ እንዳለበት አሁን አውቃለሁ፤ ወደኋላ ግን የምሄድበት መሬት የለኝም።

ከኋላዬ የጋሽ ደሴ ድምፅ ሹክሹክታ ሆኖ መጣ። «እግርሽን ከፍሬኑ አንሺ። ድንጋዩን እመኚ። ፍሪሲዮኑን በጣም ቀስ አድርገሽ ልቀቂ፤ የተንጠለጠለው ጎማ በአየር ላይ ይዙር። ሲዞር ይገባል። አታስቸኩዪው።»

እግሬን ከፍሬኑ ለማንሳት ስንት ጊዜ እንደፈጀብኝ አላውቅም። አነሳሁት። መኪናዋ አንድ ስንዝር ወደኋላ ሄደችና ድንጋዩ ላይ አረፈች። ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁ። ከቀኝ ኋላዬ የጎማው መዞር ተሰማኝ፤ ምንም ሳይነካ፣ እንደ ወፍጮ ቀስ ብሎ። አንድ ዙር። ሁለት። ከዚያ ከሥሬ ቀጭ አለ፤ ቢጫዋ መብራት በራች፤ የፊት ጎማዎቹ መሬቱን ነከሱ። መኪናዋ ወደፊት ሄደች። የተንጠለጠለው ጎማ ጠርዙን ነክቶ ሲወጣ ወንበሬ ሥር ተሰማኝ። ዳገቱ እስኪያልቅ አላቆምኩም። የኔታ ጥምጥማቸውን በእጃቸው ይዘው ከኋላ እየሮጡ መጡ።

መካነ ኢየሱስና ከዚያ በኋላ

ወደ መካነ ኢየሱስ የገባነው ከሰዓት በኋላ ነው። ጤና ጣቢያው በር ላይ ስቆም ጣቶቼን ከመሪው ለማላቀቅ ተቸገርኩ። የጤና መኮንኑ የጋሽ ደሴን ሆድ ነክቶ ወዲያው ፊቱ ተለወጠ። በጤና ጣቢያው መኪና ወደ ደብረ ታቦር ወሰዱትና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ነበር፤ ግማሽ ቀን ቢዘገይ ኖሮ ብለው ሐኪሞቹ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ተዉት።

የኔታ ለተዝካሩ ደረሱ። ስንለያይ መርቀውኝ እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሄዱ። እኔ ሁለት ቀን አርፌ፣ የእስቴን ምንጮች ለሌላ ጊዜ ትቼ፣ የጠጠሩን መንገድ ይዤ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም በወረታ በኩል ወደ ባሕር ዳር ነዳሁ። ፎገራ ሜዳ ላይ ዝናብ አልነበረም። ቤቴ ስገባ በሩን ዘግቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ይህ ጉዞ ስለ ዲፈረንሻል ብዙ አስተማረኝ፤ አሁን ለማንም ማስረዳት እችላለሁ። ከዚያ ይልቅ የከበደኝ ትምህርት ሌላ ነው። ጋሽ ደሴ ሕመሙን ደበቀ፤ እኔም አለማወቄን ደበቅሁ። ሁለታችንም አፍረን ነው። ዝናቡም ገደሉም የራሳቸው ናቸው፤ ዳገቱ ላይ ሦስት ሰው ሊያጠፋ የነበረው ግን የእኛ ዝምታ ነው። ከዚያ ወዲህ ያልገባኝን ነገር ገብቶኛል ብዬ አላውቅም።

ጋሽ ደሴ ከመስቀል በኋላ ከስቶ፣ በከዘራ እየሄደ መሥሪያ ቤት መጣ። ውጭ ፀሐይ ላይ ወንበር አወጣሁለት። ለማንም ያልነገርኩትን ያን ዕለት ነገርኩት። ዳገቱ ላይ፣ ቀኝ እጄ ትንሿ ማርሽ ላይ ሳለ፣ ግራ እጄ የበሩን እጀታ ይዞ ነበር። ስቤው ነበር፤ በሩ በትንሹ ተከፍቶ ነበር። መኪናዋ ወደኋላ ከሄደች ዘልዬ ልወርድ፣ እሱን ከነመኪናው ልተወው ነበር።

ከዘራውን ወንበሩ ላይ አስደገፈ።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ከኋላ ሆኜ ያችን እጅሽን ነበር የማያት። አንቺ እግርሽን ከፍሬኑ ስታነሺ በሩን መልሰሽ ዘጋሽው።»

እኔ መዝጋቴን አላስታውስም።